ብርድ ሸሽተን ያየናቸው ፊልሞች

ባለፈው እትም አንድ ነገር ጠይቄያችሁ ነበር። «ጊዜዬን በላው የምትሉት ፊልም የቱ ነው?» ከሌላው ጊዜ እጥፍ ደብዳቤ መጣ። ሰው የወደደውን ሲጠይቁት ትንሽ ያስባል። የጠላው ግን ምላሱ ጫፍ ላይ ነው።

ይሄን ዓምድ ዛሬ ለምትጀምሩ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ዐሥራ አምስት ዓመት ደብረ ብርሃን ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። አንድ ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ ዐሥራ አንድ አግዳሚ ወንበር። መግቢያው መጀመሪያ ሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ ኋላ አንድ ብር ገባ። ቪዲዮ ቤቱ ሲሞት ዲቪዲ አከራየሁ። ዲቪዲው ሲሞት ፍላሽና ሚሞሪ ላይ ፊልም ጫንኩ። አሁን ሱቁን ልጄ ይዞታል፤ ሞባይል ይጠግንበታል። ስለዚህ እኔ የፊልም ሐያሲ አይደለሁም። መጥፎ ፊልም እያሳየሁ ልጆች ያሳደግኩ ሰው ነኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለእህቴ ልጅ ክርስትና አዲስ አበባ ሄደን ነበር። በማግስቱ ባለቤቴ «ዛሬ ሲኒማ እጋብዝሻለሁ» አለኝ። በዐሥራ አራት ዓመት ትዳራችን የመጀመሪያው ነው። ደስ ብሎኝ ጸጉሬን ተሠራሁ። ፊልሙ በተጀመረ በሃያ ደቂቃ ውስጥ የማይረባ መሆኑ ገባኝ። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ሙዚቃ። ልጁ መኪና ውስጥ ይቆዝማል፣ ሙዚቃ። «እንውጣ» አልኩት። «ብር ከፍለን?» አለኝ። እስከ መጨረሻው ተቀመጥን። ስንወጣ የደብረ ሲና መኪና የለም። አልጋ ይዘን አደርን። እሱ እስከ ዛሬ «ቢያንስ ጨርሰነዋል» ይላል። ማናችን ነን ልክ? — ከደብረ ሲና

መልስ፦ እህቴ፣ ልክ አንቺ ነሽ። ስለ ባለቤትሽ ግን በኋላ የምለው አለኝ።

ብሩ ቲኬት ስትቆርጡ ሄዷል። ብትቀመጡም አይመለስም፤ ብትወጡም አይመለስም። እጃችሁ ላይ የቀረው ሰዓቱ ብቻ ነበር፤ እሱንም መረቃችሁለት። ይሄ የባለቤትሽ ብቻ ጠባይ እንዳይመስልሽ። ሃል አርክስና ካትሪን ብሉመር የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተሙት ጥናት አለ። አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ የቴአትር የዓመት ቲኬት ሊገዙ ከመጡ ሰዎች ለአንዳንዶቹ በሙሉ ዋጋ፣ በ15 ዶላር ሸጡላቸው። ለሌሎቹ፣ እንዲያው እንደ ዕጣ፣ ቀነሱላቸው። ቴአትሩ ያው፣ ወንበሩም ያው። በመጀመሪያው የዓመቱ አጋማሽ ግን ሙሉ ዋጋ የከፈሉት ቅናሽ ካገኙት አብልጠው መጡ። ቴአትሩ ጣፍጧቸው አይደለም። የከፈሉት ነው ጎትቶ የሚያመጣቸው።

እኔ ቤት ደግሞ ከብር ሌላ የሚያስቀምጥ ነገር ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት «የኔን ፊልም ሰው አቋርጦ አይወጣም» እያልኩ እኩራራ ነበር። እውነትም አይወጣም። ምን ዓይነት ደባሪ ፊልም ባሳይ ሁሉም እስከ መጨረሻው ቁጭ ይላል። የመምረጥ ተሰጥኦ ያለኝ መስሎኝ ነበር። ታዲያ አንድ ወዳጄ ሸዋ ሮቢት ቪዲዮ ቤት ከፈተና ካሴት እንለዋወጥ ጀመር። እኔ ጋ ሰባት ቀን ቤት ሙሉ ያደረ ፊልም እሱ ጋ በሁለተኛው ቀን ባዶ ወንበር ቀረ። ያው ካሴት ነው! «ምን አደረግከው?» ብዬ ደወልኩለት። «ምንም። እዚህ ሰው ሲሰለቸው ይወጣል፣ ውጪ ነፋሻ ነው» አለኝ።

ነገሩ ያን ጊዜ በራልኝ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ኅዳርና ታኅሣሥ ማታ ውጪው ውርጭ ነው። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ግን ስድሳ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ተጠጋግቶ ይተነፍሳል። ግድግዳው ያልበዋል። ሃምሳ ሳንቲም የከፈለው ለሙቀቱ ነበር። እኔ በፊልሙ እኮራለሁ፤ ሰዉ በጎረቤቱ ትከሻ ይሞቃል።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። ለብሩ ብቻ ብሎ የተቀመጠ አይመስለኝም። በዐሥራ አራት ዓመት አንድ ቀን የጋበዘ ሰው ነው። «እንውጣ» ስትይው «ግብዣህ አይረባም» ያልሽው መሰለው። ግብዣ ላይ ወጡ ጨው ቢበዛበት «በቃኝ» ብለሽ ትነሻለሽ? ቀጥሎ አንቺ ጋብዢው። ፊልሙን እሱ ይምረጥ፣ ሒሳቡን አንቺ ክፈዪ። መተላለፊያው አጠገብ ተቀመጡ። የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ደግሞ መጀመሪያ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ሦስተኛ ዓመት። አንድ የዶርም ጓደኛዬ «ፊልም ማለት ይሄ ነው» ብሎ የስታንሊ ኩብሪክን «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ላከልኝ። ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ስልኬ ላይ ከፈትኩት። ዝንጀሮ መሳይ ነገሮች ይጮኻሉ። ማንም አያወራም። ኢርፎኔ የተበላሸ መስሎኝ ነቅዬ ሰካሁት። አሁንም የሚያወራ የለም። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጓደኛዬ «አንተ ፊልም አይገባህም» አለኝ። እውነት አይገባኝም? በጣም ነው የደበረኝ። — ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ልጄ፣ ኢርፎንህ ጤነኛ ነው። እዚያ ፊልም ውስጥ የመጀመሪያው ንግግር የሚሰማው 25 ደቂቃ ገደማ ካለፈ በኋላ ነው። አንተ ከዚያ በፊት ተኝተህ ይሆናል።

ብቻህን እንዳልሆንክም ልንገርህ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1968 ሎስ አንጀለስ ላይ ሲመረቅ የዚያን ዘመን ትልቅ ተዋናይ ሮክ ሃድሰን ተነሥቶ ወጥቷል። የራሳቸው ሰው፣ የፊልም ሰው፣ ግብዣ ወረቀት ይዞ የገባ። ኩብሪክም ከመጀመሪያዎቹ ማሳያዎች በኋላ 19 ደቂቃ ያህል ቆርጦ ጣለ። አንተን ያስተኛህ እንግዲህ ያጠረው ነው። (ይሄን ቁጥር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።)

የጣልያኑን ዳይሬክተር የአንቶኒዮኒን «ላቬንቱራ» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 ፈረንሳይ አገር፣ ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ተመልካቹ ጮኾ ሰደበው። እዚያው ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ሽልማት ተሰጠው። ያው አዳራሽ፣ ያው ሳምንት። ስለዚህ ጓደኛህ «አይገባህም» ሲልህ ካን የተቀመጡትንም እየሰደበ ነው።

ግን ለጓደኛህም ልፍረድለት። ያንን ፊልም 70 ሚሊ ሜትር በሚባለው ሰፊ ፊልም፣ ግድግዳ ለሚያህል ሸራ ነው የሠሩት። አንተ በመዳፍህ ላይ፣ በብርድ ልብስ ውስጥ፣ አንድ ዓይንህን ጨፍነህ አየኸው። ማኅሌት በስልክ መጥሪያ እንደ መስማት ነው። እኔም መጀመሪያ ስሞክረው ተኝቻለሁ። ኋላ ልጄ ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ሰካልኝና በቀን፣ ቡና ጠጥቼ አየሁት። መሐል ላይ ሃል የሚባል ኮምፒውተር አለ። ሊያጠፉት ሲሉ ይለምናል። አንጀቴን በላው። ማለቂያው ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ገባኝ የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ሻይ ጋብዤ አስረዳኝ እለዋለሁ፣ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል።

አንድ ቀን፣ በቀን፣ ትልቅ ነገር ላይ ሞክረው። አሁንም ከደበረህ ደበረህ ነው። ዝንጀሮዎቹን ብቻ ከሆነ የምትፈልገው ጓሳ ሂድና ጭላዳ እይ። ሣር ሲነጩ መዋል ነው ሥራቸው፣ ግን አይሰለቹም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የመሐል ሜዳ ሰው ነኝ። ዕድሜዬ ሰባ አምስት ነው። ይሄን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። ለፋሲካ ልጆቼ ጋ አዲስ አበባ ሄጄ አንድ የአማርኛ ፊልም ከፈቱልኝ። ከገጠር የመጣ ሰው አለበት፤ መንዜ ነው ይሉታል። በጠራራ ፀሐይ በርኖስ ለብሶ ይዞራል። አሳንሰር ሲያይ ያማትባል። የእጅ መታጠቢያውን ውሃ ይጠጣል። ልጆቼ ይስቃሉ። የኔ ልጆች! መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሲያርስ ያሳዩታል። የሚያርሰው በቅሎ ክንድ በደረሰ ገብስ ላይ ነው! ጮኽኩ። «አባዬ፣ ፊልም እኮ ነው» አሉኝ። እነዚህ ሰዎች ገበሬ አይተው አያውቁም? — ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ አባቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ፊልም እኮ ነው» የሚሏት ነገር እኔንም ታበሳጨኛለች። ፊልም ስለሆነማ ነው! ውሸት መሆኑን ተስማምተን ነው የገባነው፤ ታዲያ ገብሱን እንኳ እውነት ቢያደርጉት ምን አለበት?

ያየሁትን ልንገርዎ። የዛሬ ብዙ ዓመት አንድ ፊልም ሠሪ ቡድን ወደኛ አገር መጣ። ስማቸውን አላነሣም። የቪዲዮ ቤት ባለቤት ስለሆንኩ «የፊልም ሰው» ብለው ወደ እኔ መሯቸው። በርኖስ መከራየት ፈለጉ። እናቴ ነፍሷን ይማርና አባቴ የለበሰውን፣ መንዝ የተሠራ፣ ጥቁር፣ ዝናብ የማያስገባ በርኖስ ከሳጥን አወጣች። ብናኙን አራገፈች። ዘርግታ አሳየቻቸው። አንደኛው ልጅ እያገላበጠ አየና «እማማ፣ ከዚህ የባሰ የለም? የተቀደደ?» አላት።

እናቴ መጀመሪያ አልገባትም። ለእንግዳ የተቀደደ ተሰጥቶ አያውቅማ። «ልጄ፣ ያልተቀደደ እያለ?» አለችው። «ለገበሬ ነው» አላት። እናቴ በርኖሱን አጠፈች። መልሳ ሳጥኑ ውስጥ ከተተች። ቡና አፍልታ አጠጣቻቸው፤ በርኖሱን ግን አልሰጠቻቸውም። ፊልሙ ሲወጣ አየሁት። ማዳበሪያ ከረጢት ነበር ያለበሱት።

የገብሱም ነገር ከዚሁ የሚመጣ ይመስለኛል። የአማርኛ ፊልም አብዛኛው የሚቀረጸው አዲስ አበባና ዳር ዳሯ ነው፣ በጥቂት ሳምንት፣ በጥቂት ብር። መኪናው ለአንድ ቀን ነው የተከራየው። በሬ የሚታይበት ቦታ ሲደርሱ ያቆማሉ። ማሳው በቅሏል አልበቀለም የሚል ሰው መኪናው ውስጥ የለም። ገበሬው ደግሞ ለሳቅ ነው የገባው። ወጥ ላይ እንደሚነሰነስ ጨው ነው፣ ማንም ለሱ ብሎ አይበላም።

ሁሉም እንደዚያ እንዳይመስልዎ ግን። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የሚለውን ፊልም እ.ኤ.አ. በ1976 አወጣ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ገበሬው እዚያ የሚታየው ሲሠራ ነው፤ ሲደክም፣ ሲቆጣ፣ ዝም ሲል። ከወጣቶቹ ብዙው ቀርፋፋ ነው ብሎ ያቋርጠዋል። እርስዎ ግን የሚያቋርጡት አይመስለኝም። የያሬድ ዘለቀ ፊልምም አለ፣ ስለ አንድ ልጅና ስለ በጉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ካን የተመረጠ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። የመንዝ በግ ያረባ ሰው ያንን በግ ምን እንደሚለው መስማት እፈልጋለሁ። አይተው ይጻፉልኝ።

በሚቀጥለው ፋሲካ ደግሞ ሪሞቱን እርስዎ ይያዙ። ገበሬ ሲመጣ ያቁሙት። «ይሄ ገብስ ነው፣ በቅሏል፣ አይታረስም» ይበሏቸው። የልጅ ልጅዎም ያንን ይጻፍ።

ጥያቄ፦ ማየት የሌለብኝን ዐሥር ፊልሞች ዘርዝርልኝ። ሰዓት የለኝም። — ከለሚ

መልስ፦ አልዘረዝርም። ዐሥሩን ብነግርህ ዛሬ ማታ አንደኛውን ትፈልገዋለህ። እኔ ይሄን በጥቁር ሰሌዳ አይቼዋለሁ። በሩ ላይ በጠመኔ የዕለቱን ፊልም እጽፍ ነበር። አንድ ቀን ከአከፋፋዩ ጋር ተጣልቼ በንዴት «የዛሬው ፊልም አይረባም» ብዬ ጻፍኩ። ያን ማታ የቆመም ነበር።

አሜሪካኖቹ እንዲያውም ለመጥፎ ፊልም ሽልማት አላቸው፣ ራዚ ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የዓመቱን መጥፎ ፊልምና መጥፎ ተዋናይ ይመርጣሉ። ሳንድራ ቡሎክ እ.ኤ.አ. በ2010 የመጥፎ ተዋናይት ሽልማቷን ራሷ ሄዳ ተቀበለች። ለተሰበሰበው ሰው የፊልሙን ዲቪዲ ይዛ ሄዳ አደለች፤ እስቲ እዩትና ፍረዱ ብላ። በማግስቱ ደግሞ በሌላ ፊልም ኦስካር ወሰደች። በሁለት ቀን ሁለቱንም። ሴትዮዋ ያው ሴትዮ ናት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔን አያውቁኝም፣ እኔ ግን አውቅዎታለሁ። ልጅ ሆኜ ቪዲዮ ቤትዎ እገባ ነበር። አንድ የሆንግ ኮንግ ፊልም አይቼ ዕድሜ ልኬን አልረሳሁትም። ሰውየው በሕፃንነቱ የጠፋ መንታ ወንድሙን ፍለጋ ሲዞር፣ በመጨረሻ የገደለው ሽፍታ ወንድሙ ሆኖ ይገኛል። አልቅሻለሁ። ሃያ ዓመት ፈለግኩት። ዘንድሮ አገኘሁት፣ ከነ እንግሊዝኛ ጽሑፉ። መንታ የለም! ወንድምም የለም! ሰውየው የሚፈልገው የተሰረቀ ዕቃ ነው። እንዲህ ዓይነት ባዶ ፊልም አይቼ አላውቅም። ምን ተፈጠረ? — ከእነዋሪ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። የተፈጠረው አስተርጓሚው ነው።

ፊት ለፊት፣ ቴሌቪዥኑ ሥር፣ ግማሽ ፊቱን ለእናንተ አዙሮ የሚቀመጥ ልጅ ታስታውሳለህ? እሱ በነፃ ይገባል፤ በምትኩ ይተረጉማል። እንግሊዝኛ ይችላል ብሎ እናቱ ናት ያመጣችው። ስምንተኛ ክፍል ነበር። እኔም አመንኩ፤ ሲተረጉም አፉ አይያያዝማ። ኋላ ሲገባኝ የሚያውቀው እንግሊዝኛ ከ«ጎ» እና ከ«ካም» አይበልጥም ነበር። ያውም ፊልሙ በቻይንኛ ሲሆን! የሰዎቹን ፊት እያየ ነበር የሚፈጥረው። ሁለት ሰው ከተያየ «ወንድሙ ነው» ይላል። ሴት ካለቀሰች «እናቱ ናት፣ አላወቃትም» ይላል። ያኔ የሚያሳየን ፊልም ሁሉ ውስጥ የጠፋ ወንድም ነበር።

አንድ ቀን ታሞ ቀረ። ያንኑ ፊልም ያለ እሱ አሳየሁ። ሰዉ «ትናንት የነበረው ይሻላል» ብሎ ተነጫነጨ። ትናንት የነበረው ራሱ ነው ብል ማን ይሰማኛል?

ስለዚህ አንተ ሃያ ዓመት የፈለግከው ፊልም ካሴት ላይ አልነበረም። እሱ ልጅ አፍ ላይ ነበር። አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ባጃጅ ይነዳል። ደብዳቤህን አነበብኩለት። ሳቀ፣ ሳቀና «መንታ ያደረግኳቸው እኮ ሁለቱም አፍንጫቸው ትልቅ ስለነበረ ነው» አለኝ።

ጥያቄ፦ ሁሌ እኛን ይጠይቁናል። እርስዎስ ጋሼ? ጊዜዬን በላው የሚሉት ፊልም የቱ ነው? — ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ የኔ ከእናንተ ይለያል። እናንተ ሲሰለቻችሁ መውጣት ትችላላችሁ። እኔ ዴኩን ትቼ የት እሄዳለሁ? መጥፎ ፊልም ሃያ ጊዜ አይቻለሁ፣ ሠላሳ ጊዜ አይቻለሁ።

ከሁሉም የመረረኝ አንድ ነበር። ስሙን አላውቀውም። ከመርካቶ በጅምላ ካመጣኋቸው ካሴቶች መሐል የወጣ ነው፤ ሽፋንም ጽሑፍም የለውም። የየት አገር እንደሆነም አላውቅ። የገጠር ሰዎች ናቸው፤ ይሠራሉ፣ ይበላሉ፣ ይተኛሉ። ጥይት የለ፣ ካራቴ የለ። ገንዘቤን መመለስ ነበረብኝና ሰሌዳው ላይ «ከባድ አክሽን» ብዬ ጻፍኩ። አዎ፣ ዋሽቻለሁ። የመጀመሪያው ማታ ከኋላ አንዱ «የታለ አክሽኑ?» ሲል ሰዉ ሁሉ ሳቀ። አልወጡም ግን። ታኅሣሥ ነበር።

መሐሉ ላይ አንዲት ሴት አለች። እንስራ አዝላ ወንዝ ትወርዳለች። ትቀዳለች። ትመለሳለች። ስድስት ደቂቃ። አትናገር፣ አታንጎራጉር፣ ማንም አያገኛት። እዚያ ስትደርስ እኔ ሻይ ልጠጣ እወጣ ነበር።

አንድ ማታ ልክ እዚያ ላይ ዴኩ ካሴቱን በላው። ከፍቼ ሳየው የተኮማተረው ክንድ የማይሞላ ነው። በምላጭ ቆርጬ በእስኮች ብቀጥለው ይበቃ ነበር። እኔ ግን «እግረ መንገዴን» አልኩ። ከወረደችበት እስከ ተመለሰችበት ድረስ አውጥቼ ቆረጥኩት። ስድስት ደቂቃ ማለት ስምንት ሜትር ገደማ ቴፕ ነው። ጠቅልዬ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። በማግስቱ አሳየሁ። ማንም አላወቀም። እንዲያውም «ዛሬ ይሻላል» ያለ አለ። በጣም ደስ አለኝ። ያኔ ኩብሪክ 19 ደቂቃ መቁረጡን ባውቅ ኖሮ እኔም ዳይሬክተር ነኝ ባልኩ ነበር።

ፊልሙ አልቆ ሰዉ ሲወጣ አንድ ሰው ቀረ። የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ናቸው። ፈረቃቸው ከመግባቱ በፊት በየማታው ይመጣሉ፤ ጥግ ላይ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ይቀመጣሉ። ያንን ፊልም ለምን በየማታው እንደሚያዩት ጠይቄያቸው አላውቅም። ለብርዱ ነው ብዬ ነው።

«ሴትዮዋ ዛሬ ውሃ አልወረደችም እንዴ?» አሉኝ።

«ዴኩ በላት፣ አባቴ» አልኳቸው።

ቆም አሉ። «እንስራዋንም?»

ምን ልበል? ቅርጫቱን ገልብጬ ቴፑን ፈለግኩ። የሻይ ቅጠል ተለጥፎበታል። በጋቢዬ ጫፍ ጠርጌ ሰጠኋቸው። ቀስ ብለው ጣታቸው ላይ ጠቀለሉት፣ ካፖርታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱና ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄዱ።